ዓይኔን ጨፍኜ የጠጣሁት ውሃ

የአገሬ ሰው ስለ በረሃ ኑሮ ሲያወራ ጅብ ታግሎ ያልጣለ፣ ጉማሬ በጥፊ ያልመለሰ የለም። ወረታ ጠላ ቤት ተቀምጦ ለሚያወራ ሰው ዘንዶ ማነቅ ጫማ ከማሰር ይቀልለዋል። እኔም በማጋነን የማልታማ ሰው አይደለሁም፤ አንድ ጊዜ ስለ አንዲት ቁንጫ ሳወራ ኮርቻ ጭኜባት ነበር። ይህን ግን በልኩ ልናገር አስቤአለሁ። ብጨምርበት አንድ ሁለት ክንድ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝና ትርፍ ጨርቅ መተው ልማዴ ነው።

ነገሩ ስለ ጀግንነቴ ሳይሆን ስለ መጠየፌ ነው። እኔ የምጠየፍ ሰው ነኝ፤ ግማሽ ፀጉሬ ሸሽቶኝ ዛሬም አልተሻለኝም። እናቴ ወረታ ከመኪናው መንገድ ዳር ጠላ ትሸጥ ነበር። የጠላውን ውሃ ሦስት ጊዜ ታጠልላለች፤ እኔን ደግሞ ከጠላው አብልጣ ታጥበኛለች። ወጥ ውስጥ ዝንብ ከወደቀ ወጡን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ለዝንቡ ለቅቀን የምንወጣ ይመስለኝ ነበር። አድጌ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ ስቀመጥም የሰው ብብት በለካሁ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። አንድ ደረቱ ሰፊ ነጋዴ ስለካ ትንፋሼ አልቆ ልሞት ነበር፤ የዚያ ሰው ኮት አንዱ እጅጌው እስከ ዛሬ ያጥራል።

ይህ ሁሉ ከተማ ውስጥ ንጽሕና ይባላል። ጣና ዳር ሲወርዱ ግን ሌላ ስም አለው። ያን ስም ያወቅሁት ጣሊያን ከወጣ ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ባገባሁ በመጀመሪያው ሁዳዴ ነው።

ያገባኋት የፎገራ ሜዳ የገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ከብታቸውን ከልጆቻቸው እኩል የሚወዱ፣ ምናልባትም ትንሽ የሚያስበልጡ ሰው ናቸው። ሚስቴ ከጥጃነቷ ጀምራ ያሳደገቻት ጥቁርና ነጭ ጊደር ነበረቻት፤ በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ጥጃዋን አርግዛለች። ሐሳባችን ጊደሯን ይዘን ከእናቴ ጓዳ ወጥተን፣ ከከተማው ዳር የራሳችንን ጎጆ መቀለስ ነበር። ሚስቴ ከእናቴ ጋር አንድ ምድጃ መጋራቱ መርሯታል። አንዷ ያጠበችውን ማሰሮ ሌላዋ እንደገና ታጥበዋለች፤ ማሰሮው ታጥቦ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

አማቴን ሄጄ ጊደሯን ጠየቅሁ።

«ልጄ፣ ጊደሯ የልጄ ናት፤ አልከለክላትም» አሉኝ። «ግን ደንብ አለን። ከዚህ ቤት ልጅ ያገባ ሁሉ ከብት ከመንዳቱ በፊት አንድ ሁዳዴ ጣና ዳር ከከብቱ ጋር ይሰነብታል። ከትልቁ ልጄ ጋር ውረድ። ለፋሲካ ጊደሯን ደኅና አድርገህ ካመጣህልኝ ንዳት። ከመሐል ጥለህ ከመጣህ ግን ያቺን የስፌት መኪናህን እለባት።»

ሚስቴ ከበሩ ቆማ ትሰማለች። እሷን ዞር ብዬ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኋት።

«እኔ ምን እላለሁ? ጊደሯ ስትመጣ እኔም እመጣለሁ። እስከዚያ አባቴ ቤት ነኝ።»

«ጊደሯ ባትመጣስ?»

«እንግዲያ እናትህ ማሰሮዋን ብቻዋን ትጠብ።»

ስታሾፍ ነው ብዬ ፊቷን አየሁ። አልሳቀችም።

ክረምት ክረምት ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። በጋ ውሃው ወደ ሐይቁ ሲሸሽ ከኋላው ለምለም ሣር ትቶ ይሄዳል። ከብቱ ያን ሣር እየተከተለ ይወርዳል፤ ጠባቂውም አብሮ። እኔም ሚስቴ የፈተለችውን አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሼ፣ መርፌና ክር በኮሌታዬ ሰክቼ ወረድሁ። ለምን መርፌ እንደያዝሁ አትጠይቁኝ፤ ሌላው ሰው ጦር ይይዛል።

በረቱ ጋ ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ገና ከሩቅ ወጥቶ ጨበጠኝ። አዛባው እግር እስከ ጉልበት ይውጣል፤ ሲተፋም እንደ ሽማግሌ እያጉረመረመ ነው። ዝንቡ ሲነሣ ፀሐይ ይጋርዳል፤ ሲያርፍ ነጩን በሬ ጥቁር ያደርገዋል። ለቢንቢው ኩበት ይጨሳል፤ ቢንቢው ግን ጢሱን ከመልመዱ የተነሣ ዙሪያውን ተቀምጦ የሚሞቅ ይመስለኛል። የምናድርባት የደንገል ጎጆ ጣራዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ተንበርክኬ ስገባ እጄ የሚያርፈው ሁልጊዜ አንድ ለስላሳ ነገር ላይ ነው። ለስላሳው ነገር ምን እንደሆነ ልናገር አልፈልግም። ትኩስ ነበር።

የሚስቴ ታላቅ ወንድም ትከሻው የበር ያህል የሚሰፋ ሰው ነው። ከከብት ጋር ብዙ ስለኖረ ነገር ያመነዥጋል፤ ጠዋት የጠየቅኸውን ከሰዓት በኋላ ይመልሳል። ጋቢው በአንድ ዘመን ነጭ እንደነበረ ይወራል። እኔ ሳየው ላብ፣ ጭስ፣ እበት፣ የጥጃ ልጋግና የሦስት ዓመት ዝናብ ተደራርበውበት ለብቻው ይቆም ነበር።

ሁዳዴ ነውና አርባ ላም መሐል ተቀምጠን ወተት አንቀምስም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የለም፤ ከዘጠኝ በኋላ የጓያ ቂጣ፣ ወይም በውሃ የተበጠበጠ በሶ። ውሃውም የኩሬ ነው፤ ከብቱ የሚጠጣበት፣ የሚቆምበት፣ ቆሞም ሌላ ሌላ የሚያደርግበት ኩሬ። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወንድሟ ከኩሬው ዳር ተንበረከከ። የጋቢውን ጫፍ ውሃው ላይ ዘረጋና አፉን በጋቢው ላይ ደፍቶ ሳበ። ድምፁ በሬ የሚጠጣ ያስመስለዋል። ከዚያ ያንኑ ጫፍ ወደ እኔ ወረወረው።

«ውሃውን ጋቢ አልብሰህ ጠጣ።»

«በዚህ ጋቢ?»

«ምን ሆነ ጋቢዬ?»

«ምንም አልሆነ፣ አያ። ታሪኩ በዝቶብኝ ነው።»

«እንግዲያ በራስህ ጋቢ።»

የራሴን እንዳልነክር፣ ሚስቴ የፈተለችውን ነጭ ጋቢ እዚያ ጉድ ውስጥ ነክሬ ተመልሼ ልለብሰው ነው? ሁለቱንም ተጠየፍሁና የራሴን ዘዴ አወጣሁ። ውሃውን በእፍኜ ዘገንሁ፤ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ዋጥሁ። ካላየሁት የለም። ውሃው ወፍራም ነበር፤ የሚታኘክ ነገርም ነበረው። እኔ ግን አላየሁም።

«ዓይንህን ለምን ትጨፍናለህ?» አለኝ።

«እየጸለይሁ ነው።»

ይህን ሲያመነዥግ ቆይቶ «ጸሎትህ ረጅም ይሁን» አለ።

አንድ ሳምንት ያህል እንዲሁ እየጸለይሁ ጠጣሁ። በሳምንቱ ጉሮሮዬን አንድ ነገር ይኮረኩረኝ ጀመር። ብውጥ አይወርድም፤ ብስል አይወጣም። በማግሥቱ ምራቄን እንትፍ ስል ደም ነው። ድምፄም ተለውጦ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ይንጫረራል። የሳንባ በሽታ ነው አልሁ፤ አለቀልኝ። መኪናዬን ለእናቴ፣ መቀሴን ለጎረቤቴ በሐሳቤ ተናዘዝሁ። ነጩን ጋቢ ለሚስቴ ልተው ስል ለቀጣዩ ባሏ እንደምታለብሰው ታየኝና አብሮኝ እንዲቀበር ወሰንሁ።

«አፍህን ክፈት» አለኝ ወንድሟ። አገጬን እንደ ጥጃ ይዞ ወደ ፀሐይ አዞረኝና አጎንብሶ አየ። «አለ።»

«ምኑ?»

«አልቅት። ከእንጥልህ ኋላ ጎጆ ቀልሷል። ካንተ ቀደመ።»

አንድ ሰው ሳምንት ሙሉ ሽታ እየሸሸ፣ ዝንብ እየሸሸ፣ ጋቢ እየሸሸ ኖሮ፣ ቆሻሻው ራሱ መጥቶ ጉሮሮው ውስጥ ቤት ሠርቶ ደሙን እየጠጣ ተቀምጧል! ራሴን አውልቄ ልጥለው ፈለግሁ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄጄ እስከሚቀጥለው ሁዳዴ አፌን ከፍቼ ልዘፈዘፍ ተመኘሁ።

«አውጣልኝ! አያ፣ በእናትህ አውጣልኝ!»

«እኔ አላወጣውም። የሚያወጣው ጥማት ነው። እስከ ነገ ከሰዓት በኋላ አንዲት ጠብታ አትጠጣም። አንተ ስትደርቅ እሱም ይጠማዋል።»

በማግሥቱ ፀሐዩ መሬቱን ይሰነጥቃል፤ ምላሴ እንደ ተልባ ከረጢት ከአፌ ጋር ተጣብቋል። ወንድሟ ከሩቅ ምንጭ ያመጣውን ጥሩ ውሃ በቅል አንኮላ ሞልቶ ከፊቴ አኖረ።

«አጎንብስ። አፍህን ውሃው አጠገብ አድርገህ ክፈት፤ እንዳትጠጣ። ውሃው ውስጥ መልክህ ይታይሃል፤ አፍህን አተኩረህ እይ። ውሃው ሸትቶት ብቅ ሲል እጅህን አንሣ፤ እኔ እይዘዋለሁ። ከጎን ስለሆንሁ እኔ አይታየኝም። የምታየው አንተ ነህ።»

አጎነበስሁ። ውሃው ውስጥ የጠቆረ ፊት፣ የተከፈተ ዋሻ። ቆየሁ። ምራቄ ክር እየሠራ ይወርዳል። ከምላሴ በላይ አንድ ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ረዘም አለ፤ ጫፉን ወዲያና ወዲህ እያዞረ እንደ ጎረቤት ሴት ከበር ብቅ ብሎ ተመለከተ።

ዓይኔን ጨፈንሁ።

ስገልጠው ገብቷል።

«አየኸው?» አለ ወንድሟ።

«አየሁት።»

«ታዲያ እጅህን ለምን አላነሣህም?»

«ስላየሁት ነዋ!»

ያን ጊዜ ነው ወንድሟ ሳያመነዥግ ወዲያው የመለሰው። «አንተ ሰው፣ ሸማ ስትሰፋ መርፌውን በዓይንህ ነው የምታየው በአፍንጫህ? ዓይንህን ጨፍነህ ዋጥኸው፤ ዓይንህን ጨፍነህ ልታወጣው ነው? ከፈለግህ ይዘኸው ግባ። እኅቴም ጊደር ስትጠብቅ አልቅት ታገኛለች።»

ሌላ ጊዜ ብዙ ሰው ሰድቦኛል። ይሄኛው ግን ልክ ነበር፤ ለብሼው ስዞር እጅጌው እንኳ አላጠረኝም። ድካሜ ንጽሕና ማብዛቴ እንዳልሆነ ታየኝ። የምጠየፈውን ነገር አላይም፤ ስላላየሁት የራቀኝ ይመስለኛል፤ እሱ ግን አልራቀም፤ ጣና ዳር ስሙ ዕውርነት ነው። የነጋዴው ኮት እጅጌም ያጠረው ለዚሁ ነው፤ ትንፋሼን ይዤ ዓይኔንም ጨፍኜ ነበር። ለማንም አልተናገርሁም እንጂ።

እንደገና አጎነበስሁ። ብዙ ቆየሁ፤ ጉልበቴ ከመሬቱ ጋር ሊበቅል ደረሰ። ወጣ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ቆዳዬ ለብቻው ሊሸሽ ፈለገ። አልጨፈንሁም። እጄን አነሣሁ።

ወንድሟ ጣቱን በዚያ በጋቢው ጫፍ ጠቅልሎ አፌ ውስጥ ሰደደ። አዎን፣ በዚያ ጋቢ። ልጠጣበት የተጠየፍሁት ጋቢ ከነላቡ፣ ከነልጋጉ፣ ከነሦስት ዓመት ዝናቡ እንጥሌ ድረስ ገባ። ያዘና ጎተተ። መጣ፣ መጣ፣ አሁንም መጣ፤ በግምት ከወረታ እስከ ሐሙሲት ከተማ የሚደርስ ርዝመት ነበረው። ሳር ላይ ሲወድቅ በእኔ ደም ጠግቦ የወፈረ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ምንም የማያፍር ነገር ነበር።

በኋላ የንስሐ አባቴን «አባቴ፣ አልቅት መዋጥ ጾም ያስፈታል?» ብዬ ብጠይቃቸው ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡና «አንተማ ምን በላህ? ሁዳዴን የሻረው አልቅቱ ነው» አሉኝ። እንደ ንስሐ ግን ሃያ ስግደት አዘዙኝ፤ ለእኔ ይሁን ለአልቅቱ አልነገሩኝም።

ከዚያ ቀን በኋላ ማየት ተለማመድሁ። መቼም ወደድሁት አልልም፤ እያስመለሰኝ ነው የተማርሁት። ከመጠጣቴ በፊት ኩሬው ውስጥ የሚዋኘውን ሁሉ ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ ውሃው የጠራበትን ዳር ከከብት መግቢያው እለያለሁ። ጠዋት ወንድሟ የከብቱን አፍ እየከፈተ ሲያይ ከጎኑ ቆሜ አያለሁ። ነጩን ጋቢዬን ደግሞ ልቤ እየደማ ከጫፉ አንድ ክንድ ቆረጥሁ። ድርብ አድርጌ፣ ግራና ቀኙን ዘምዝሜ፣ ከላዩ ማሰሪያ አድርጌ የውሃ ማጥለያ ከረጢት ሰፋሁ። መርፌዬም ምክንያት አገኘች። ወንድሟ አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«ለውሃ ሱሪ ሰፋህለት» አለ። ቢሆንም ከዚያ ወዲያ ጋቢውን ውሃ ላይ ሲዘረጋ አላየሁትም።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሶው አለቀና ወንድሟ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤት ወጣ። «ሦስት ቀን ነው። ከብቱ የሚያውቀውን ያውቃል፤ አንተ ብቻ አትጨነቅ» አለኝ። ጎረቤት ያለው በረት አንድ ጩኸት ያህል ይርቃል፤ ጩኸቱም የእኔ ሳይሆን የእሱ ከሆነ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ጊደሯ አልተሰማራችም። ራሷን ታራግፋለች፤ ታስላለች። ከአፏ ቀይ ክር ይወርዳል። እኔም ያን ክር ሳይ ምን አደረግሁ? ዘወር አልሁ። ሣር ቀብቷት ይሆናል አልሁ። ሣር ቀይ ይመስል! ከዚያ ጉሮሮዬ ውስጥ የነበረው አልቅት ትዝ አለኝና በራሴ ላይ እንትፍ አልሁ። ወንድሟ እስኪመለስ ሁለት ቀን አለ። በሆዷ ጥጃ ተሸክማ ሁለት ቀን ሙሉ ደም ልታጣ ነው። ለፋሲካ እኔ የሞተችውን ጊደር ጅራት ብቻ ይዤ ስገባ አማቴ «መኪናህን እለባት» ሲሉኝ፣ ሚስቴም ከበሩ ቆማ ሳትስቅ ስታየኝ ታየኝ።

ራሷን ከካስማው ጋር አጥብቄ አሰርሁ። ለከብቱ ከያዝነው አሞሌ ጨው ፈርፍሬ በአንድ እጄ ያዝሁ። ከረጢቴን ፈትቼ ጣቴ ላይ ጠቀለልሁ። ምላሷን ወደ ጎን ስቤ አፏን ከፈትሁ።

የከብት አፍ ውስጡን ያላየ ሰው ዕድለኛ ነው። ትንፋሿ ሞቃት፣ የከረመ ሣር፣ ፊትን እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚጠቀልል ነው። ልጋጉ በክንዴ ላይ እየተንጠለጠለ ብብቴ ድረስ ወረደ። በሕይወቴ ሙሉ የሰው ብብት ስጠየፍ የኖርሁ ሰው የላም ልጋግ በብብቴ ይዤ ቆምሁ! ምላሷም እንደ ሞረድ ቆዳዬን ይልጣል። ዓይኔን ገልጬ ፈለግሁ። ከምላሷ ሥር ሁለት ነበሩ፤ ጨው ነሰነስሁባቸው፤ ተኮማትረው ሲለቁ ጎተትኋቸው። ሦስተኛው ከወደ ጉሮሮዋ ነው። እጄ እስከ አንጓዬ ገባ። መንጋጋዋን ስትገጥም ጣቴ ሲያጥር ተሰማኝ። አልለቀቅሁም፤ ያዝሁት፣ ሳብሁት። በመጨረሻ ጊደሯ ከሆዷ አንሥታ አንድ ጊዜ ሳለች። ደሙን፣ ልጋጉን፣ የትናንትናውን ሣር፣ ሦስተኛውን አልቅት ጨምራ ፊቴ ላይ ረጨችው።

አልጨፈንሁም ብል ውሸት ነው። ጨፈንሁ። ግን ወዲያው ገለጥሁና አልቅቱ የት እንደወደቀ ፈለግሁ። ጉንጬ ላይ ነበር።

ከዚያ ከኩሬው አራቅኋትና ውሃ በቅል እየቀዳሁ፣ በከረጢቴ እያጠለልሁ አጠጣኋት። የጠማት ጊደር ምን ያህል እንደምትጠጣ አላውቅም ነበር፤ ጣናን ግማሹን ያጠለልሁ ይመስለኛል። ወንድሟ በሦስተኛው ቀን በሶውን ተሸክሞ ሲደርስ እኔ ተንበርክኬ ለላም ውሃ ሳጠልል አገኘኝ። ሸክሙን አውርዶ ቆመ። አልሳቀም። ሄዶ አፏን ከፍቶ አየ፤ ጣቴን አየ፤ ከዚያ ተቀምጦ ሲያመነዥግ ውሎ ወደ ማታው ላይ «ደኅና ናት» አለ። በእሱ አፍ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ለቅዳሜ ሹር ጊደሯን ነድቼ አማቴ ደጅ ገባሁ። ከሩቅ ሲያዩኝ ማን እንደሆንሁ አላወቁም፤ ሽታዬን ግን ያወቁት መሰለኝ፤ ፊታቸው ፈካ። ሰላም ሳይሉኝ ወደ ጊደሯ ሄዱ። ምላሷን ስበው ከሥሩ አዩ፣ ሆዷን ዳሰሱ፣ ዓይኗን ገለጡ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«አንተም ክፈት።»

«እኔ ደኅና ነኝ፣ አባባ።»

«ክፈት አልሁህ፤ ልጄ ሁሉን ነግሮኛል።»

በሠርጌ እንኳ እንዲህ አልመረመሩኝም። አፌን ከፍቼ ቆምሁ፤ ሚስቴ ከበሩ አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አማቴ ሲበቃቸው አገጬን ለቀቁና ውሃ እንድታመጣ አዘዟት። አንኮላውን ከእጇ ተቀብለው፣ እንግዳ ለማክበር ብለው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ውስጡን በደንብ ወልውለው ሰጡኝ። ጋቢያቸው የልጃቸው ጋቢ ታላቅ ወንድም ነው።

አንኮላውን ወደ ብርሃን አዞርሁና ውስጡን አየሁ።

«ምን ትፈልጋለህ በቤታችን ውሃ?» አለች ሚስቴ፤ የተቆጣች ለመምሰል እየጣረች።

«የማውቀው ሰው እንዳለ ብዬ ነው።»

አንድ የጋቢ ክር ነበረ። አውጥቼ ጣልሁትና ሆዴ ሳይወድ፣ ዓይኔ ተገልጦ፣ ጠጣሁ። አማቴ ባዶውን አንኮላ ተቀብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ዕቃሽን አንሺ።»

ጊደሯ ከፊት፣ ሚስቴ ዕቃዋን አዝላ ከመሐል፣ እኔን ደግሞ ሽታዬ እንዳያስቸግራት ብላ ከኋላ አድርጋኝ፣ ወደ ወረታ መንገድ ገባን። ጊደሯ እስከ ከተማው ድረስ በየመንገዱ የጣለችውን ሁሉ አንድ በአንድ እያየሁ፣ አንዱንም ሳልረግጥ ገባሁ። አንዱን ረግጫለሁ። ከሁለት አይበልጥም።